የአባታችን ተዝካር ገብስ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለምስጋናው፣ ሐዋሳ።

እንደምን ከረምክ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልህ? ያ ወገብህን ይይዝህ የነበረው ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል እህህ ያሰኝሃል? ባለቤትህ ፅዮንስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ፍሬ ጥርስ አብቅላ ጨረሰች ወይ? እኔም፣ ባለቤቴ ጌትነትም፣ ልጃችን ዓይናለምም መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን፤ የቀረብን ያንተን ፊት ማየት ብቻ ነው። ብርዱን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልህ።

ስልክ እያለ ወረቀት ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም። በስልክ ዋሽቼሃለሁ። ሐምሌ ላይ የአባታችን ተዝካር እንዴት ዋለ ብለህ ስትጠይቀኝ ሸጋ ዋለ ብዬ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞርኩት። አሁን አጎታችን አያ አድማሴ ለምስጋናው እኔው ደውዬ ጉዱን እነግረዋለሁ ብለዋል። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከኔው ብትሰማው ይሻላል። ለተዝካሩ ያስቀመጥነውን ገብስ አልደገስኩትም። ለዘር ሰጠሁት። እንግዲህ ተቆጣ፤ ተቆጥተህ ስታበቃ ደግሞ አንብብ።

አባታችን ያረፈው ሰኔ አምስት ስለሆነ አርባው ሐምሌ ዐሥራ አራት ላይ ነበር። ያንን ራሱ ዘርቶ ራሱ ያጨደውን ሦስት ኩንታል ገብስ ግማሹን ለጠላ፣ ግማሹን ለዳቦ ብዬ አዘጋጅቼ ነበር። ሐምሌ ሦስት ቀን በረዶ ጣለ። እኛን ዳር ዳሩን ነክቶ አለፈን፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ዘጠኝ ቤቶች ግን ቡቃያቸውን ከጭቃ ጋር ደባለቀው። ያላቸውን ዘር ሰኔ ላይ ዘርተው ጨርሰዋል፤ ለዳግም የሚሆን እፍኝ አልነበራቸውም። የኛ ገብስ ቶሎ የሚደርሰው ዓይነት መሆኑን ታውቃለህ። እሱን የመሰለ ዘር በሳምንት ውስጥ መሬት ካላገኘ ለነሱ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው።

በማግስቱ ብርቄ ከማዶ ለልቅሶ መጣች። አልቅሳ፣ ነፍስ ይማር ብላ ስትወጣ ደጅ ላይ የተሰጣውን ገብስ አየችው። ጎንበስ ብላ አንዲት ቅንጣት አነሣችና በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ ይህ እኮ ለዘር ይሆናል አለች። እኔ ጉደኛዋ ምን ብላት ጥሩ ነው? የአባቴ ተዝካር ነው፣ እንዳትነኪው አልኳት! ቅንጣቷን መልሳ ስጡ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ያን ቀን ሐፍረት ያዘኝ። ግን ደግሞ ፈራሁ፤ አባቴን ያለ ተዝካር ብሰድደው በዚያኛው ዓለም እንዳልተጠራ እንግዳ ደጅ ቆሞ ይቀር ይሆን እያልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እፍረቱን ዋጥ አድርጎ ጠላውን ይጠምቅ ነበር። እኔ መቼም ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ ጠዋት ተነሥቼ ንስሐ አባታችን መምሬ ሀብተሥላሴ ዘንድ ሄድኩ።

መምሬ ሳልጨርስ ሳቁብኝ። ፍትሐቱንና ቅዳሴውን እኛ እናደርሳለን፣ ምጽዋቱን አንቺ ትሰጫለሽ፤ ጎረቤቱ ጠላ ስላልጠጣ መንግሥተ ሰማያት የተዘጋበት ሟች እኔ አላውቅም አሉኝ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ ስትሰጪ ግን መርጠሽ እንዳትሰጪ አሉ። ለምን እንዳሉኝ ወዲያው ገባኝ። ከዘጠኙ ቤት አንዱ የአንዱዓለም ነዋ! በድንበር ሰበብ አባታችንን ዐሥራ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ያንከራተተው አንዱዓለም። ለልቅሶ እንኳ ደጃችንን አልረገጠም።

እውነቱን ልንገርህ፣ የስምንቱን ቤት ድርሻ ቁናውን እየቆለልኩ ሰፈርኩ። የሱ ላይ ስደርስ በመዳፌ ላጥ አድርጌ አጎደልኩበት። ማንም አላየኝም። ራሴን ግን ታዘብኩትና መልሼ እንደ ሌሎቹ ቆለልኩለት። ከሥራዬ ሁሉ የከበደኝ እሷ እፍኝ ናት።

በአርባው ቀን ቅዳሴው ተቀደሰ፣ ፍትሐቱም ደረሰ። ብቅል እንዲሆን ቀድሞ የተዘፈዘፈው ለዘር አይሆንምና እሱን ጠላ ጠመቅሁት፤ ለካህናቱና ለነዳያኑ በቃ። ከኮሶዬ በማኪና ተጭነው የመጡት ዘመዶቻችን ግን ሥጋ ጎምጅተው መጥተው ከቤት ዱቄት የጋገርኩትን ዳቦ ገምጠው ተመለሱ። ፊታቸውን ብታየው! አያ አድማሴማ ወንድሜን እንደ ባዕድ አስቀበረችው ብለው መንደር ለመንደር ስሜን አነሡት። በኋላ ደግሞ ለኅዳር ሚካኤል ቦራን አርደን ተዝካሩን እንደገና እናውጣ ማለት ያዙ። ያለን አንድ በሬ እሱ ነው። እሱ ከታረደ በምን ላርስ ነው፣ በጥርሴ?

በመስከረም ስትደውል፣ አብሮህ የሚሠራው ሰው የሚጸደቀው በእምነት ብቻ ነው፣ ሥራ አይቆጠርም እንዳለህና መልስ እንዳጠረህ ነግረኸኝ ነበር። አያ አድማሴ በበኩላቸው ድግስ ካልተደገሰ ነፍስ አታርፍም ባይ ናቸው። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ አራሽ ነኝ። ግን ማሳ ሲታረስ የግራው በሬ ነው ያረሰው ወይስ የቀኙ ብሎ የሚሟገት ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? እግዜር በቸርነቱ ካልማረንማ በሥራችን ማናችን እንቆማለን? ይህን አልክድም። ነገር ግን ብርቄን ባዶ እጇን በሸኘሁ ቀን እምነቴ አልጎደለም ነበር፣ ጸሎቴንም አድርሼ ነበር፤ ገብሱ ግን ስጥ ላይ ነበር። እምነቴ ማሳ የገባው ገብሱ ማሳ ሲገባ ነው። ለባልደረባህ እንዲህ አለች በለውና ሰላምታዬንም አድርስልኝ።

ዋናውን ነገር ገና አልነገርኩህም። የማዶ ገብስ ያዘ፤ ይኸው አሁን እሸቱ ደርሶ እየተበላ ነው። ባለፈው እሑድ ከአያ አድማሴ ጋር ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱዓለም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ ጠበቀኝ። ሌላ ክስ ይዞ የመጣ ነው የመሰለኝ። አንገቱን ደፍቶ፣ የአባትሽ የክርስትና ስም ማን ነበር አለኝ። ምነው አልኩት። ዐሥራ አንድ ዓመት ስሙን ስጠራ የኖርኩት ዳኛ ፊት ነው፤ እግዜር ፊት የሚጠራበትን አላውቀውምና ንገሪኝ፣ በቅዳሴ ላስጠራው ብዬ ነው አለ። ገብረ ሕይወት ነው አልኩት። እንዳይጠፋበት ገብረ ሕይወት፣ ገብረ ሕይወት እያለ ወደ መምሬ ገባ። አያ አድማሴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ እዬዬዬን አቀለጥኩት።

ከዚያ ወዲህ የበሬውን ነገር አላነሡም። ግን ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ከኮሶዬ ዘመዶች ሐሜት የሚያሳርፋቸው ያንተ ቃል ነው። እኔን ብትቀየመኝ እችለዋለሁ፤ ለሳቸው ግን ሳታድር ደውልላቸው። የወንድምዎ ተዝካር ወጥቷል በላቸው።

ፅዮንን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ ፍሬን ጉንጯን ንከስልኝ። ጌትነት ለጥምቀት ካልመጣ እኔ እሄድበታለሁ ብሎሃል፤ ዓይናለም እጅ ትነሣለች፤ መምሬም እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል። ይህን ወረቀት የምታደርስልህ እዚያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የጎረቤታችን ልጅ ወንጌላዊት ናት፤ ምሳ ሳታበላ እንዳትሰዳት።

እኅትህ ባንቺአየሁ
አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.