ሚስማር መምታት ስለተከለከለበት ቤት

ጎባ፣ ነሐሴ 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጉሉማ፣ የቀበሌያችን የቤቶች አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎንም ቤተሰብዎንም አካም ጂርቱ እያልኩ፣ በዚህ የክረምት ብርድ ጤናዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ፣ እንዳይጓደል ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ የቀበሌ ቤት ተከራይና ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ከቤቴ ኮርኒስ የተሻለ ጤና ላይ እገኛለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ከጎረቤቴ ከእትዬ እኅተማርያም ጋር የምንጋራው የፊውዝ ሳጥን በጃንሆይ ዘመን እንጨት ላይ የተገጠመ መሆኑን፣ ሲነኩትም እንደሚግል ቢሮዎ ድረስ መጥተን ስናመለክት፣ በራሳችን ወጪ እንድንቀይረው ይፈቀድልን ብለን ስንለምን፣ «ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ያለፈቃድ ሚስማር መምታት እንኳ ክልክል ነው» ብለው አስተማሩን። ፈቃዱን ስንጠይቅም ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ጠብቁ አሉን።

ሁለተኛ፣ ስለላኩልን ሠራተኛ። ፊውዙ እየተቃጠለ መብራት ስለሚያጠፋብን፣ ሰውየው ፊውዙን አውጥቶ በቦታው ወፍራም ሽቦ ጠመጠመበትና «ከእንግዲህ አይቃጠልም» አለን። እውነቱን ነው፤ ሽቦው አልተቃጠለም። የተቃጠለው ኮርኒሱ ነው።

ሦስተኛውን በትሕትና ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ ሲንጠባጠብ፣ እትዬ እኅተማርያም ካውያ ሰክተው ልብስ ይተኩሱ ነበር። ሳጥኑ ተንጣጣ፤ እሳቱ ኮርኒሱን ያዘ፤ ቤቱን ጭስ ሞላው። ሊሸሹ የቆርቆሮውን በር ሲይዙ፣ በሩም ኤሌክትሪክ ይዞ ኖሮ እጃቸው እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ጩኸታቸውን ሰምቼ ልይዛቸው ስል ጎረቤታችን አብዲ ከኋላዬ «አትንኪያቸው! እንጨት አምጪ!» ብሎ ጮኸ። ጨርቅ የምለካበትን የእንጨት ሜትር አንሥቼ ክንዳቸውን በኃይል መትቼ አላቀቅኳቸው። በዕድሜዬ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት እናቴ የሚሆኑትን ሴት መታሁ። አብዲ ወደ ሳጥኑ የሚገባውን የመብራት ሽቦ በእንጨት እጀታ መጥረቢያ ቆረጠ፤ መንደሩ አሸዋ እየበተነ እሳቱን አጠፋ። እትዬ ተርፈዋል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን አይታጠፉም።

በማግሥቱ በአካል መጥተው ስለጎበኙን ውለታዎ አይረሳም። ስለ እትዬ እጅ ሳይጠይቁ «ሽቦውን የቆረጠው ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ አብዲንም ቢሮ አስጠርተው የመንግሥት ንብረት በማበላሸት ማስጠንቀቂያ ሰጡት።

እንግዲያው እኔም ጥፋቴን ልናገር። የመደዳችን ተከራዮች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አዋጥተን፣ ችግር ሲኖር መብራቱን ራሱ የሚያቋርጥ አዲስ ብሬከር ከሮቤ አስመጥተን፣ በባለሙያ አስገጥመናል። ፈቃድ አልጠየቅንም። ሚስማርም መትተናል፤ ብዙ ሚስማር። ሊያስነቅሉት ከመጡ በሩ ክፍት ነው፤ እትዬ እኅተማርያም በግራ እጃቸው ይቀበሉዎታል።

የሥራ ዘመንዎ እንደ ሽቦዎ ወፍራም እንዲሆን እየተመኘሁ፣
አክባሪዎ፣ ፈሪዎ ግን ያልሆንኩት
ዙሀይራ መሀመድአወል

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ አብዲ ማስጠንቀቂያውን ሊቀበል ቢሮዎ በገባ ጊዜ፣ ከወንበርዎ በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ያንኑ ዓይነት ሳጥን አይቷል፤ ሽቦም ተጠምጥሞበታል። አንድ ቀን በሩ አልለቅ ካለዎት ይጩሁ፤ እንጨት ይዘን እንመጣለን፤ ለመምታትም ፈቃድ አንጠይቅም።