የላቀው እህት

ጉለሌ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ልጄ አዲሳለም፣ በሰው አገር መልካም ሰው ይግጠምሽ፤ ክፉ ዓይንም አያግኝሽ። አክስትሽን ሳሚልኝ። እዚህ የእንጦጦ ብርድ ከፍቷል፤ አንቺም ሹራብሽን አታውልቂ።

ከቀበሌው ኪነት ቡድን አባረሩኝ። ጥፋት ያሉት አኮርዲዮን ተጫዋቹን ላቀውን መጠየቄን ነው። ከእስር ከወጣ ጀምሮ ጣቶቹ አይታዘዙትም፤ ካልጎተጎቱትም አይበላም። ዘመድ ስለሌለው እኛ የቡድኑ ልጆች ተራ ገብተን ምግብ እንወስድለታለን፤ አጠገቡ ተቀምጠን እናንጎራጉርለታለን። ሊቀመንበሩ ግን ከዘመድ በቀር ማንም እንዳይገባ ብሎ በላቀው ቤት በር ላይ አብዮት ጠባቂ አቆመ። ባለፈው ሳምንት ዘፋኟ ሰርኬ በተራዋ ሄዳ አልተመለሰችም።

ትናንት እኔ ሄድኩ።

«ምኑ ነሽ?» አለኝ ጠባቂው።

«እህቱ።»

«እህት የለውም እኮ!»

«እንግዲህ ዛሬ አገኘ።»

ሳቀና አስገባኝ። ስወጣ ግን ሳቁ ጠፍቶ፣ «እናጣራለን» አለኝ።

ያጣሩ። ላቀው ከእጄ ጎርሷል፤ ነገም እሄዳለሁ።

ይህን በሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ አንብበሽ ቅደጂው። መልስሽን ግን በፖስታ አድርጊው፤ ከፍተው ያነቡታል። እባክሽ የኔ እመቤት፣ «አጎቴ ላቀው ተሻለው ወይ?» ብለሽ ጻፊልኝ።

እመብርሃን በጥላዋ ትከልልሽ።

እናትሽ ብርነሽ