የሀይፋ ሥር

ይድረስ ለእናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም እማ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የላክኩልዎ ቅባት ረዳዎት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የራቀኝ።

መንገዱ ተዘግቶ ከጥር ወዲህ ያልረገጥኩትን ቤተ ሙከራ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። እኔና ልጅዎ ሀይፋ ምን እንሠራ እንደነበር ያውቁታል፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን አስተናግር ሥሩን ብቻ ወስደን፣ ያለ አፈርና ያለ ቅጠል፣ ብልቃጥ ውስጥ በስኳርና በማዕድን ውኃ እናሳድገዋለን። ለዓይን መድኃኒት የሚሆን፣ አልካሎይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣዋል። ምግቡ የሆነው ውኃ በየወሩ ካልተቀየረ ሥሩ ጠቁሮ ይሞታል።

ሁሉም ጠቁሮ ሸቶ ጠበቀኝ። ሀይፋ የጀመረችው ብልቃጥ ብቻ ነጭ ነው። ሥሩ እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ውኃው ጥርት ያለ። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ምግቡ የተቀየረበት የዘንድሮ ቀን በራሷ እጅ ጽሑፍ «ሚያዝያ 20» ይላል። እማ፣ የተሳፈረችባት ጀልባ የመስጠሟን መርዶ የሰማነው አምና በጥቅምት አይደል?

ዘበኛውን አራጋውን ጠየቅኩት። እህትሽ ናታ፣ በየወሩ ትመጣለች አለኝ። ምን ትላለች ስለው፣ ሰላምታም አትመልስ፤ ዝናብ በሌለበት ቀን የረገጠችው ሁሉ ይርሳል፣ እኔ እየተከተልኩ እወለውላለሁ አለኝ። ተቆጣሁት። በማርያም ብሎ ማለና መወልወያውን አሳየኝ። ጨርቁ ነጭ ጨው ጋግሮ ደርቋል።

እየፈራሁም ቢሆን ለካሁት። አልካሎይዱ ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ሆኗል። ምግቡን መረመርኩ፤ ናይትሬት የሚባለው ማዕድን በግማሽ ተቀንሷል፣ ስኳሩ ተጨምሯል። ሀይፋ እንሞክረው እያለች ሁለት ዓመት የለመነችኝ፣ እኔ አይሆንም ያልኳት ቅመማ ነው። አይሆንም ያልኳት ግን ብቻዬን ሞክሬ ከሠራልኝ በኋላ ነበር።

ለምን ሄደች ብለው ሲጠይቁኝ፣ ዓረብ አገር አማልሏት ነው አልኩዎ። በዚያው ቅመማ በስሜ በተሸለምኩ ዕለት እርስዎ እልል ሲሉልኝ፣ እሷ ከአዳራሹ ስትወጣ አላዩም። በሳምንቱ ነው ሻንጣዋን ያነሳችው።

የሽልማቱን የምስክር ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ስሜን ሰርዤ የሷን ጽፌበታለሁ፤ ከልብሶቿ ጋር ያኑሩልኝ።

ዛሬ ጠዋት ምግቡን ልቀይር ብልቃጡን ሳነሳ ቀድሞ ተቀይሯል። መስታወቱ ገና ይሞቃል። ከኋላዬ የሆነ ነገር ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ አልዞርኩም። ይቅር በይኝ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ በወረኢሉ አውቶቡስ እመጣለሁ። በሩን ባይከፍቱልኝ አልቀየምዎትም፤ ደጃፍዎ ላይ ጥቂት ተቀምጬ እመለሳለሁ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ያዘነ ልብዎን እሱ ይጠግነው። ዱዓ ሲያደርጉ እኔን ማስገባትና መተው የእርስዎ ነው።

ከሀይፋ ጋር አንድ ጡት ያጠቧት ልጅዎ
መካነ ሰላም፣ ግንቦት