ማይኩ እጄ የገባ ዕለት

ሰኞ፣ ህዳር 4
የጎረቤቴ ጉልበት ዛሬ ሻል ብሏል። ደረጃውን ብቻዋን ወረደች... ስትወጣ ግን እኔው ደግፌ አወጣኋት። ትንሿ ልጇ ፈተናዋን አልፋለች። ትልቋ ያው ጋዜጣ ላይ ስለ ቦክስ ትጽፋለች። ሴት ልጅ ከቡጢ ጋር ምን አገናኛት እንዳልል፣ የእኔው ልጅ ቦክሰኛ ነው። እሁድ ትልቅ ግጥሚያ አለበት። ዛሬ ራሴን አመመኝ ብሎ ሳይበላ ተኛ። ጭንቀት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ህዳር 5
የልጄን ጋዜጣዊ መግለጫ በቴሌቪዥን አየሁ። ሌሎቹ ጋዜጠኞች "ዝግጅት እንዴት ነው?" "ምን ተሰማህ?" እያሉ ሲያሞጋግሱት፣ የጎረቤቴ ልጅ ተነሳች። "ልምምድ ላይ ተመተህ ራስህን ስተሃል ይባላል። ሐኪም አይቶሃል?"
የግጥሚያው አዘጋጅ (ሽቶው ቀድሞት ስለሚገባ "ሽቶው" ነው የምለው) የመግቢያ ካርዷን ከአንገቷ አስወለቃት። እሁድም አትገባም ተባለ።
ደግ አደረገ አልኩ።
አመሻሽ ላይ መጣች። "እትዬ፣ ተቀየሙኝ?"
"በሰው ፊት ታዋርጂዋለሽ? ለብቻው አትጠይቂውም?"
"ጠየቅሁት፤ ይሸሸኛል። ለእርስዎስ ነገረዎት?"
በሩን ዘጋሁባት። መልሼ ከፈትኩና የእናቷን የጉልበት ቅባት አስያዝኳት። ቅባቱ ምን አጠፋ?

ረቡዕ፣ ህዳር 6
ልጄን ጠየቅሁት። "እማዬ፣ ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።" ይህን እያለ ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ቀዳው። ጠረጴዛው ላይ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ምን ያስቀኛል?

ቅዳሜ፣ ህዳር 9
የመጨረሻው መግለጫ። ሽቶው መኪና ላከልኝ። "እናታችን፣ በሁለት ቃል ይመርቁታል፤ ለካሜራ ያምራል።" የፊት ወንበር ሰጡኝ። ለጋዜጠኞቹ ጥያቄውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ አድሏል። አንዱ ወፍራም ሰውዬ፣ "ሻምፒዮን፣ ምስጢርህ ምንድን ነው፣ በፈገግታ ይጠየቅ" ብሎ እስከ ጫፉ አነበበው። የጎረቤቴ ልጅ ከመስታወቱ በር ውጭ ቆማለች። ዝናብ እየመታት።
ማይኩ እኔ ጋ ደረሰ። ምርቃቱን አጥንቼ ነበር። አፌን ስከፍት ሌላ ወጣ።
"ልጄ፣ ራስህን ስተሃል? ሐኪም አይቶሃል?"
ሽቶው ብድግ። "እናታችን፣ ይሄ ያልተፈቀደ..."
"እኔ ካርድ የለኝም። የአንገት ሀብሌን ታወልቃለህ?"
አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጄ አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ፣ "ሁለቴ ወድቄያለሁ። ሐኪም አላየኝም። እንዳትናገር ተብዬ ነው" አለ።
ከዚያማ ብጣሹን ማን ይያዘው። ሁሉም እጁን አወጣ። ወፍራሙ ሰውዬ ሳይቀር፣ "ማነው እንዳትናገር ያለህ?" አለ። ያለ ፈገግታ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 12
ግጥሚያው ቀርቷል። የመረመረው ሐኪም ለወራት ጓንት እንዳይነካ ከለከለው። "አንድ ቡጢ ቢጨመር ኖሮ..." ብሎ አልጨረሰውም። እኔም ጨርሰው አላልኩትም። ልጄ እስከ ትናንት አኩርፎኝ ነበር። የቦክስ ፌዴሬሽኑ ለጋዜጠኛዋ ካርዷን መልሶላታል፤ የብጣሽ ጥያቄም ቀርቷል። ዛሬ ልታነጋግረው መጣች። ሻይ ይዤ አብሬ ቁጭ አልኩ። ጋዜጠኝነቱ ውስጥ ገብቼ የለ?
"እትዬ፣ ትንሽ ይውጡልን" አለችኝ።
"ከገዛ ሳሎኔ?"
"እርስዎ ባሉበት ሁሉንም አይነግረኝም።"
ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ኩሽና ሆኜ ነው። በሩ ተዘግቷል። ልጄ ያወራል... ይህን ያህል አውርቶኝ አያውቅም። ምን እያለ ይሆን? ጠጋ ብል... አይ። ያውራ።