ከአጥሩ ሥር ያለው መታጠፊያ

እንጅባራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬም ወደ ሰፈራችን የሚመጣውን ውሃ ግፊት፣ ከቧንቧው መታጠፊያዎች በፊትና በኋላ ለካሁ። ሁለቱ መታጠፊያዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ውሃ ሲጠመዘዝ ትንሽ ጉልበት ማጣቱ ያለ ነው፤ የመጀመሪያው ላይ ያጣውም ያችኑ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ግፊቱ ዘጭ ይላል። መለኪያውን ተጠራጥሬ ቀየርኩት፤ ያው ነው። አፈሩ ደረቅ ነው፤ ቧንቧው አያፈስም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?

ሁለተኛው መታጠፊያ የተቀበረው በአከራዬ በጋሽ አለኸኝ አጥር ሥር ነው። ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት የእሳቸው ድንች በዚህ በጋ ለምልሟል። ስታመም ያስታመሙኝ ሰው ናቸው። በየትኛው አፌ ሌባ ልበላቸው?

ከሥራ ስገባ “ምነው ፊትህ ጠቆረ?” አሉኝ።

“ውሃው መንገድ ላይ እየደከመ ነው፣ ጋሼ” አልኳቸው። ሌላ አልተነፈስኩም።

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ “መታጠፊያ ላይ መድከሙ አይቀርም። የኔን አጥር ሥር ልቆፍር ብለህ እንዳትለፋ” አሉኝ።

ቧንቧው የተቀበረው እሳቸው ቦታውን ከመግዛታቸው በፊት ነው። እዚያ መታጠፊያ እንዳለ ማን ነገራቸው?

የላኩልኝ ቅቅል ድንች ጠረጴዛዬ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። እርቦኛል፤ ግን አልነካሁትም።