ከግራ ሦስተኛዋ

ግንቦት 11፣ እሑድ

ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል ተብሎ ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ተጀመረ። አሥራ ሁለት ደቂቃ! ሙዚቃው ዛሬም ከድምፅ ማጉያ ነው፤ ኦርኬስትራ የለም። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት እስከ ዕረፍት ድረስ ቺፕስ ስታንኮሻኩሽ... ባሌት ማየት የመጣችው ለምን ይሆን?

«የጨው ሙሽራ» አዲስ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ተንዛዛ። በሁለተኛው ሃያ ልጆች ነጭ ለብሰው በሰያፍ ሲገቡ ግን ትንፋሼን ያዝኩ። ሌኒንግራድ፣ ሰገነት ላይ ቆሜ በተማሪ ትኬት የማየው ትዝ አለኝ። ድልድይ ሥራ ልማር ሄጄ ይሄን ለምጄ ተመለስኩ። ድልድዩስ? አንድም አልሠራሁ። እዚህ ስደት አገር፣ ጄፒ ገበያ ብርድ ልብስ አከፋፍላለሁ።

ከግራ ሦስተኛዋ ሁሉንም አበላሸችው። ግራ እጇ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወርዳል። ባለፈው ትርኢትም እጇ እንደዚሁ ነበር። ሃያ ሰው እንደ አንድ ሰው ካልሆነ ለምን ሃያ ሆነ? የሚያርማት የለም?

አላጨበጨብኩም።

ለበለጥሽ «ሱቅ ነበርኩ» አልኳት። ሚስቴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ ከሰዓት ሱቅ ያለሁ ይመስላታል። የየትርኢቱ ፕሮግራም ወረቀቶችም እዚያው ሱቅ ናቸው፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባ። ቃለ ጉባኤ እንደወትሮው እኔ ያዝኩ። «ኢንጂነር ይጻፍ፣ የእሱ ጽሑፍ ስሕተት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው፣ የለውም።

አንድ ወጣት በሰው ሠርግ ላይ ጨፈረ ተብሎ ተከሰሰ። በዓይናችን አየን የሚሉ ሁለት ሰዎች ቆሙ። ያየ ሰው ካልቆመ ጉባኤው አይቀጣም፤ ደንብ ነው። ሦስት ወር ከጌታ እራት ታገደ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም ጻፍኩት... አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም። እንዴት አልሳትኩም?

ግንቦት 25፣ እሑድ

እስካሁን ልቤ አልተመለሰም።

ትርኢቱ አልቆ ብርዱን ሽሽት ለመኪናዬ በሚቀርበው የጎን በር ወጣሁ፣ በሠራተኞቹ በኩል። አንዲት ልጅ ቦርሳ አንጠልጥላ ስትወጣ ተጋጨን። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጠፍሮ፣ ዓይኗ እስከ ጆሮዋ ተኩሎ...

«ጋሼ ዓብዩ?»

ክው አልኩ። ፊቤ! የሀቢሶ ልጅ። ሀቢሶ ማለት የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ይቺን ልጅ በሕፃንነቷ ጉባኤ ፊት ሲጸለይላት ያቀፍኳት እኔ ነኝ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎስ?»

ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ከዚያ «እደንሳለሁ» አለች። ቀስ ብላ፣ በሽታዋን እንደምትነግረኝ።

ምን ማለት ነበረብኝ? ስለ አባቷ? ስለ ቤተ ክርስቲያን? ከአፌ የወጣው «የትኛዋ ነሽ?» ነው።

«ከግራ ሦስተኛዋ።»

«ግራ እጅሽ ይቀድማል!»

መንገድ ላይ ጮኽኩባት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። በዘጠኝ ዓመቷ አንዲት አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሬንጅ ፋርም አዳራሽ እየመጣች ታስተምር ነበር አለችኝ። ለቤት «የመዘምራን ልምምድ» ነበር የምትለው። አሁን ደግሞ ከተማ ክፍል ተከራይታ አካውንቲንግ ትማራለች ነው የሚባለው።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ለአባቢ እንዳይነግሩት።»

«ምን ብዬ? የት አየኋት ልበል?»

ወዲያው ገባት። «እትዬ በለጥሽ አያውቁም?»

ቁልፌን አውጥቼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ሱቅ ገብቼ ፕሮግራሞቹን አወጣሁ። «ፒ. ላምቤቦ» ይላል። የአገሩ መታወቂያዋ የአባቷን ትቶ የአያቷን ስም ነው የያዘው፤ በምን ልወቅ? አሥራ አራት ፕሮግራም ላይ አለች። አሥራ አራት ጊዜ አይቻት አላየኋትም።

ግንቦት 28፣ ረቡዕ

ብርድ ልብስ ላደርስ ኦሬንጅ ፋርም ወረድኩ። ሀቢሶ ከፍርግርጉ ጀርባ ነው። ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙን የጠየቀው የለም።

«ኢንጂነር፣ አንተ የተማርክ ነህ። ፊቤ ዘንድሮ ትጨርሳለች። የምርቃቱን ቀን ለምን አይነግሩንም?»

«እዚህ አገር... ዘግይተው ነው የሚነግሩ።»

«ይዘግዩ፣ እኔ ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ ከዱቄቱ ማዳበሪያ በላይ አሳየኝ። ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ሳይነሳ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በየሳምንቱ አቧራውን ይጠርጋል።



ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

ቁርስ ላይ በለጥሽ «ምን ሆነሃል፣ ሰሞኑን ፊትህ ጠቁሯል» አለች። ዝም ብል ምን ነበረበት?

«አንድ ሰው አለ፤ ልጁ እየዋሸችው ነው። እሱ ትማራለች ይላል፣ እሷ መድረክ ላይ ትደንሳለች። እዚያ ኦሬንጅ ፋርም ሆኖ ምንም አያውቅም።»

«ማን ነገረህ?»

«ሰው።»

ሻይዋን አስቀመጠች። «እንጸልይላታ» አለች። በጎ ሐሳብ ነው ብዬ ተውኩት።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

በለጥሽ የእህቶች ጸሎት ዋትሳፕ ላይ የጻፈችውን አሳየችኝ። ደስ ብሏት ነው ያሳየችኝ!

«እህቶቼ፣ ለጸሎት ብቻ ነው። በኦሬንጅ ፋርም የምናውቃቸው የአንድ ወንድማችን ልጅ በዳንስ ተይዛለች። ትምህርቷንም ትታለች። እባካችሁ በምልጃ ተነሡ።»

«ምን ማድረግሽ ነው?!»

«ስም አልጠራሁ!»

«ኦሬንጅ ፋርም ካሉት ወንድሞቻችን ለዩኒቨርሲቲ የደረሰች ልጅ ያለው ስንት ነው?»

ቆጠረች። አንድ። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሰባ አንድ «አሜን» ተጽፎበታል።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

እህት ኤርጎጌ በድምፅ የላከችውን ሰማሁ። ልጅቱ ሂልብሮው ነው የምትደንሰው። ናይት ክለብ። ራቁቷን። «እኔ እንኳ አላየሁም፣ የሰማሁትን ለጸሎት ነው የምላችሁ።»

ከነጭ ልብስ ተነሥቶ ራቁት ለመድረስ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ!

ሀቢሶ ትናንት ባኪውን፣ ያችን ፒክአፑን ይዞ ሄዶ ልጁን ከነሻንጣዋ አምጥቷታል። ስልኳን ነጥቋታል። ፍርግርጉ ውስጥ ቆማ ዳቦ ትሸጣለች። ከሰዓት በደንበኛ ስልክ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ የአንዷ እግር ተጎድቶ ለእሑድ ቦታዋን ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር። ብቻዬን የምደንስበትን! ነገን እንድቀር ፈቅደውልኛል። ዓርብ ልምምድ ካልተገኘሁ ለሌላ ይሰጣል፤ ኮንትራቴም አይታደስም።»

«ለአባትሽ ንገሪው።»

«ነገርኩት። እደንሳለሁ አልኩት፣ አልዋሸሁም። ራቁቴን የሚለውን ግን እንዴት ላሳምነው? እዚህ የሚመጣው አበሻ ሁሉ በፍርግርጉ እያየኝ አንገቱን ይነቀንቃል።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ማን ይሆን የተናገረ? ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ሰው ይጠረጥራሉ?»

«እኔ እንጃ» አልኳት።

እኔ እንጃ! ይሄን አፍ ምን ላድርገው?

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

አስቸኳይ ስብሰባ። ሀቢሶ ተጠርቶ መጣ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ፊሊጶስ ዙሪያውን ሳይዞር «ልጅህ በክለብ ራቁቷን ትጨፍራለች የሚል ወሬ ጉባኤውን አውኳል» አለው።

ሀቢሶ ቆመ። ሸሚዙ ላይ ዱቄት አለ፤ ከሱቅ በቀጥታ ነው የመጣው።

«ልጄ ትደንሳለች። ራሷ ነግራኛለች። ለዚህ የምትሉትን እቀበላለሁ። ራቁቷን ያለ ግን ይቁም! አይቻለሁ የሚል ፊቴ ይቁምና ይናገር! ጋሽ ፊሊጶስ፣ ደንቡ እንደዚያ አይደል?»

ማንም አልቆመም። ሁሉም ጫማውን ያያል። ጋሽ ፊሊጶስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያየ ከሌለ ነገሩን ለእግዚአብሔር ትተን፣ ልጅቱም እቤቷ ትቆይና...»

«ያየ ሰው አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ስሕተት የለውም። ውሸት ነው።

ብዕሩን አስቀምጬ ቆምኩ።

«እኔ አይቻለሁ።»

«ኢንጂነር፣ ስብሰባ ላይ ነን» አለኝ ከጎኔ ያለው። የቀለድኩ መሰለው።

«የት ነው ያየኸው?» አለ ጋሽ ፊሊጶስ።

«ቴአትር ቤት። ብራምፎንቴን።»

«ምን ልትሠራ ሄደህ?»

«ላይ።»

«አንድ ቀን?»

«እሷን አሥራ አራት ጊዜ። በጠቅላላው... አሥራ አንድ ዓመት ነው።»

«ራቁቷን አይደለችም» አልኩ። «ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ለብሳለች። ጭፈራም አይደለም፤ ሃያ ሆነው አንድ ሰው ለመሆን ነው የሚለፉት። ለሚስቴ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። የተቀረውን እናንተ ጨመራችሁበት።»

ሀቢሶ አየኝ። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ተወያዩ። ከጸሐፊነት ወረድኩ፤ ከጌታ እራትም ታገድኩ። ችግሩ ማን ይጻፈው? ጋሽ ፊሊጶስ አንገቱን አክኮ «የዛሬን እንኳ ጨርሰው» አለኝ። የራሴን ቅጣት ራሴ ጻፍኩ። «ላልተወሰነ ጊዜ» ብለው ሲያጽፉኝ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የሚባል ቅጣት ደንባችን ላይ እንደሌለ አሳሰብኩ። ስድስት ወር ተባለ።

ግቢው ውስጥ ሀቢሶ ባኪው አጠገብ ቆሟል።

«አሥራ አራት ጊዜ?» አለኝ።

«አሥራ አራት።»

«እኔ አባቷ...» በሩን ዘጋና ሄደ።

በለጥሽ ቤት ስደርስ ሰምታለች። «ሌላ ሴት ይዘህ ቢሆን እንኳ ይገባኝ ነበር» አለች። «ዳንስ! አሥራ አንድ ዓመት ለዳንስ ዋሸኸኝ?»



ሰኔ 7፣ ዓርብ

ፊቤ ደወለች። በራሷ ስልክ!

«አባቢ ልምምድ አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ሰማሁ። እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ሃይቦ፣ ጋሼ!» እንደ አገሩ ሰው ጮኸችብኝ።

ዘጋችብኝ። ይገባኛል።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ «ቴአትር ቤት እሄዳለሁ» ብዬ ከቤቴ ወጣሁ። ሁለት ትኬት ነው የያዝኩት። በለጥሽ «ሂድ፣ አትጨቅጭቀኝ» አለች። በር ላይ ስደርስ ግን ሻርፔን ከኋላዬ ወረወረችልኝ። ብርድ ነው።

መኪና ማቆሚያው ጋ የሀቢሶን ባኪ አየሁ። ውስጡ ተቀምጧል። ሙሉ ልብሱን ለብሷል! ጥቁር ሰማያዊው።

«ልጄን እየጠበቅኩ ነው» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ከቤተ ክርስቲያን በዚያው ስለመጣሁ ነው የለበስኩት።»

ጠዋት ቡናማ ሹራብ ለብሶ አይቼዋለሁ። ሁለተኛዋን ትኬት አወጣሁ።

«ትኬት አለኝ፤ ግባ።»

«እዚህ ይበቃኛል።»

መጀመሪያው ክፍል። ሦስት ደቂቃ ብቻዋን። ዝላይዋ ከጠበቅኩት በላይ፤ ስታርፍ ኮቴ የላትም። አዟዟሯ ንጹሕ። አንገቷ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ከፍርሃት ነው። ግራ እጇ አንድ ጊዜ ቀደመ። አንድ ጊዜ ብቻ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ አላጨበጨብኩም።

በዕረፍት ወደ ባኪው ወረድኩ። መስኮቱን ሳላንኳኳ ከፈተው።

«ወደቀች?»

«አልወደቀችም።»

«ሰው አጨበጨበ?»

«ቤቱ ሊፈርስ ነበር።»

«አንተስ?»

«አላጨበጨብኩም።»

«ለምን?»

«ግራ እጇ ቀደመ።»

ዳቦው ላይ የተፋሁበት ይመስል አየኝ። «የማን እጅ?»

«የፊቤ።»

«ቤት ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ አንተ ብቻህን ነህ ያየኸው?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ዓይንህ ታሟል።»

«ግባና እይ። ያላየ ሰው አይመሰክርም፤ ደንብ ነው።»

ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ክራባቱን አስተካከለ። በር ላይ ለቆመው ሰውዬ «ሳውቦና፣ ባባ» ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥቶ ትኬቱን በሁለት እጁ ሰጠ። ከእጅጌው ላይ የዋጋው ወረቀት ተንጠልጥሏል። ወደ ወንበራችን ስንሄድ በጠስኩለት።

መብራት ጠፋ። ሃያዎቹ በሰያፍ ገቡ።

«የትኛዋ ናት?» አለ፣ በስፓዛ ድምፁ። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዞሩ።

በአዳራሽ ውስጥ የሚያወራ ሰው በሕይወቴ ይቅር ብዬ አላውቅም።

«ከግራ ሦስተኛዋ» አልኩት፣ እኔም ጮክ ብዬ።

ጉልበቴን ጨመቀው። እስኪያልቅ አልለቀቀውም።

የሁለተኛው ክፍል ማስታወሻ የለኝም። ግራ እጇ ቀድሞ እንደሆነ አላውቅም። ሀቢሶን ነበር የማየው።