ግንቡን ነክቷልና ይልቀቁልኝ

ሰኔ 14 ቀን 1972 ዓ.ም.
አራዳ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጓድ ዘርጋው፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የደም ግፊትዎ ጋብ አለልዎት? እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለቀበሌያችን ይግባና፣ ከልጅ በስተቀር የጎደለኝ ነገር የለም።

በዚህ ወር መጀመሪያ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ሲሰጡን፣ እያንዳንዱ ተመራቂ በገዛ እጁ የምስጋና ደብዳቤ ጽፎ የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ አዝዘው ነበር። እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩ፣ ቸርችል ጎዳና አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የማጥብ ሴት ነኝና እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ይህችን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እንዳስተማሩን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ለልጄ ለአባይነህ ፍቅሬ ሩጫ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሰጡት እርስዎ ነዎትና አመሰግናለሁ። አባይነህ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቀን አትክልት ተራ የድንች ጆንያ ይሸከማል፤ ማለዳ ደግሞ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በሸራ ጫማው ከጊዮርጊስ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦን ይወጣል። ሐሳቡ እንጦጦን፣ ወጨጫንና የረርን፣ እነዚህን ከተማችንን የከበቡ ሦስት ተራሮች፣ ከንጋት እስከ ንጋት በአንድ ሩጫ መጨረስ ነበር። ዳገት የሚፈልገው ሳንባ ነው፣ ጉልበት የሚሰብረው ግን ቁልቁለት ነው እያለ በአጭር በአጭር እርምጃ መውረድን ለወራት ተለማመደ። ለዳገቱም ጆንያው ጀርባው ላይ እንዳለ ከአትክልት ተራ እስከ ፒያሳ ሽቅብ ይሮጥ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ያበደ መስሎት ሳቀበት። እርስዎ አልሳቁም።

2ኛ. የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ስላላቸው የማንበብ ችሎታ አመሰግናለሁ። በየካቲት 1970 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ከእንጦጦ ሲመለስ ጊዮርጊስ ጀርባ አስቆሙትና፣ «ማን እያባረረህ ነው?» አሉት። «ማንም፤ ለራሴ ነው የምሮጠው» አለ። «ስሙልኝ! ሰውዬው በሶሻሊዝም ዘመን የግል ሩጫ ከፍቷል!» ተብሎ ተሳቀ አሉ፤ ቀልዱ ጥሩ ነውና እዚያ ብኖር እኔም እስቅ ነበር። ከኪሱ በላስቲክ የተቋጠረ በሶና አንድ ደብተር ወጣ። ደብተሩ ላይ፣ «እንጦጦ ጠዋት፣ ወጨጫ ቀትር ላይ፣ የረር ሌሊት። አብዱልሃሚድ ሰበታ መንገድ ላይ ይጠብቃል» የሚል ነበረበት። አብዱልሃሚድ የሚጠብቀው የሚጠጣ ውሃ ይዞለት ነበር። ጓዶቹ ግን ከተማችን ከሦስት ተራራ ልትወረር መሆኑን ከዚያች አንድ ገጽ ደረሱበት። እኔ ይህን ያህል ወር ተምሬ እንዲህ አድርጎ ማንበብ አልቻልኩም።

3ኛ. ለእግሩ ስላደረጋችሁለት እንክብካቤ አመሰግናለሁ። ይህን የነገረኝ አብሮት የታሰረው አብዱልሃሚድ ነው፤ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው ልጅ። ስሙን ያለ ስጋት የምጽፈው፣ ከእናንተ ዘንድ በተለቀቀ በአምስተኛው ወር ደም እየሸና ስለ ሞተና ከእንግዲህ ልትጠሩት ስለማትችሉ ነው። ልጄን እጅና እግሩን ጠፍራችሁ በእንጨት ላይ ዘቅዝቃችሁ ሰቀላችሁት፤ ወፌ ላላ ትሉታላችሁ። ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፋችሁት። «ተራራው ላይ ስንት ናችሁ?» ስትሉት «እኔ ብቻ ነኝ» አለ፤ ለሦስት ተራራ አንድ ሰው ስላነሰባችሁ ቀጠላችሁ። በሦስተኛው ቀን የውስጥ እግሩ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ተገንጥሎ ተንጠለጠለ፣ አጥንቱም ታየ።

4ኛ. ስለ ሰጡት ዕድል አመሰግናለሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እርስዎ ራስዎ ወደ ቀበሌው ግቢ አስወጡት፤ ሌሎቹም እስረኞች እንዲያዩ ተሰለፉ። «ሯጭ ነኝ ካልክ እስቲ ሩጥ! ያንን ግንብ ከነካህ ትለቀቃለህ» አሉት። ከበሩ እስከ ግንቡ ሰባ እርምጃ ነው፤ ባለፈው ስኳር ልቀበል ስመጣ ለክቼዋለሁ። ልጄ በተገነጠለ እግሩ ሮጠ። ወደቀ፤ በክንዱና በጉልበቱ ተሳበ፤ እንደገና ተነሳ። የመጀመሪያው ጥይት ታፋውን ሲበሳው አልቆመም። ሁለተኛው ጀርባው ላይ ገባ፤ ያን ጊዜም አልቆመም። ደርሶ ግንቡን በሁለት እጁ ነካው። እርስዎ ተጠግተው ጭንቅላቱን በጥይት የመቱት ከዚያ በኋላ ነው። የመዳፉ ደም ግንቡ ላይ ሳምንት ቆይቶ በላዩ ኖራ እንደ ተቀባ አብዱልሃሚድ ነግሮኛል። በኖራው ላይ ያስጻፉት መፈክር ፊደሉ እንዴት ያምራል! አሁን ራሴ አነበዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስያዝ አቅቶኛል። በዚያን ወር ማለዳ ማለዳ በየመንገዱ ዳር የተጣሉትን ልጆች እየዞርኩ አየሁ። ፊታቸው በጥይት ስለ ፈረሰ እግራቸውን ነበር የማየው፤ የልጄ የአውራ ጣቶቹ ጥፍሮች ከቁልቁለቱ የተነሳ ጠቁረው ነበርና። ከአንዱ ልጅ ካልሲ ሳወልቅ ጠባቂው፣ «እማማ፣ አትክልት ተራ መሰለዎት እንዴ እያገላበጡ የሚመርጡት?» አለኝ። ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅ ደግሞ እርስዎ፣ «ልጅሽ ከድቶ ጫካ ገብቷል፤ ለከሃዲ አይለቀስም» ብለው መዝገብ ላይ እንዲሁ አስጻፉ። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ ቄሱም ላልሞተ ሰው ፍትሐት የለም አሉኝ። ልጄ እነሆ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ አልሞተም፣ አልተቀበረም፣ ቤቱም አልገባም።

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ግንቡን ከነካ ይለቀቃል ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ያሉትም በሰው ፊት ነው። ልጄ ነክቷል። እንግዲህ ይልቀቁልኝ። በሕይወት ማለቴ አይደለም፤ ያን ያህል አልደፍርዎትም። የጣላችሁበትን ጉድጓድ ይንገሩኝና በጣቴም ቢሆን ቆፍሬ አውጥቼ ልቅበረው።

በደብዳቤ መጨረሻ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ብለን እንድንጽፍ ተምረናል። እኔ ግን ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ከዚያ ስለሚበልጥ፣ ለልጆችዎ ዕድሜን፣ ለእርስዎም ያደረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያስታውስ ጤነኛ አእምሮን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

መጻፍ ያስተማሯት ተማሪዎ፣
ሙሉነሽ ገብረዮሐንስ
የአባይነህ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን እንዳነበቡ ጓዶቹን ወደ ቤቴ እንደሚልኩ አውቃለሁ። በሬን አልቆልፍምና ባይሰብሩት ደስ ይለኛል፤ ከእኔ በኋላ ሰው ይኖርበታል። ብቻ አንድ ነገር ይዘዙልኝ፤ ለእኔ ሌላ ጉድጓድ አያስቆፍሩ፣ ልጄ ካለበት ይጣሉኝ። ቦታውን በአፍዎ መናገር ከከበደዎት፣ እዚያው በመጣል ያሳዩኝ።